የልዕልና እርምጃ

ኖላዊት አዲስ ጫማ በገዛች ማግስት አያቷ እማማ ሄርሜላ ከቁርስ በፊት ጓሮ አውርደው ያመላልሷት ጀመር።

«ከዚህ እስከ ሽቦው። ተመለሺ። እንደገና።»

«እምዬ፣ ሥራ ይረፍድብኛል እኮ።»

«ይርፈድ። በር ላይ ቆመሽ ከምትቀሪ ይርፈድ። ረጋ በይ! እንደራስሽ ሂጂ!»

«እንደማን ልሄድ ነው ታዲያ?» አለች ኖላዊት እየሳቀች። ዞራ ወደ ደጃፉ ስትመጣ መሬቱ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ «ኖላዊት፣ እንደምን አደርሽ» አላትና በሩ ተከፈተ። እማማ ሄርሜላ እፎይ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

በዋርካ በር ከተማ ቁልፍ የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል። መታወቂያም እንዲሁ። ሰው የሚታወቀው በእርምጃው ነው። ደጃፉ፣ አስፋልቱ፣ የጤና ጣቢያው ኮሪደር፣ የእህል መደብሩ ወለል ሁሉ በአንድ ስም «መሬቱ» ይባላል። መሬቱ ያወቀው ሰው አውቶቡስ ይሳፈራል፣ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ዱቄት ይመዘንለታል። መሬቱ ያላወቀው ደጅ ይቆማል። ጠጅ የቀመሰ ሰው ስካሩ እስኪለቀው ደረጃው ላይ ቁጭ ይላል፤ አላፊ አግዳሚው «ዛሬም አላወቀህም?» እያለ ያልፈዋል። እርጉዝ ሴት ሆዷ በገፋ ቁጥር ጤና ጣቢያ ሄዳ እርምጃዋን ታሳድሳለች። ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ከፊደል በፊት የሚማሩት በአንድ እግር አለመዝለልን ነው።

እማማ ሄርሜላ ይህን ሁሉ አይጠሉትም። ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ደግ ነገር ነው ይላሉ፤ የትም ብትሄድ የት እንዳለች ይታወቃል። የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቅሉን።

ቅሉ ጭምብል ነው። ትልቅ ቅል ለሁለት ይገመስና፣ ጭስ ጠጥቶ ሲጠቁር ዓይን ይበሳለታል፤ አፍ የለውም። ድሮ በዋርካ በር ክረምቱ ሲወጣ ባለቅሎች ይጨፍሩ ነበር። ጭፈራው የሚጀምረው ከእርምጃ ነው። ባለቅሉ ሐዘንተኛው ቤት ከርሞ የሟቹን አካሄድ ይማራል፤ ከዚያ ቅሉን አጥልቆ እንደ ሟቹ እየተራመደ አደባባዩ ላይ ይወጣል። ከበሮው ሲሞቅ እንደ ሟቹ ይዞራል፣ እንደ ሟቹ ትከሻውን ይሰብቃል፤ ሕዝቡም «እከሌ መጣ! እከሌ መጣ!» ይላል። ሐዘንተኛው አይቶ ሲበቃው የሟቹን ሳይሆን የባለቅሉን የራሱን ስም ይጠራል። ያ ስም እስኪጠራ ድረስ ባለቅሉ ጭምብሉን አያወልቅም፣ ወደራሱ እርምጃም አይመለስም። ሌላ ሰው ቢጠራው አይሰማም። መጥራት የሐዘንተኛው ነው።

መሬቱ በመጣ ጊዜ ይህ ሁሉ ሊቀር ነበር። የሕያው ቅርስ ጽሕፈት ቤት ደርሶ አዳነው። በዚያ ዓመት ከተጨፈረላቸው ሟቾች ጥቂቶቹ ተመርጠው እርምጃቸው ተለክቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚመጡት እነዚያው ናቸው፤ አንካሳው ልብስ ሰፊ፣ ሳቂታዋ ሴትዮ፣ እጁን ወደ ኋላ የሚያጣምረው ዳኛ። መሬቱ በዕለቱ እነሱን እንዲያሳልፍ ታዟል። ሌላ ሟች መጨመር ቅርስ ማበላሸት ነው ተብሏል። ልብስ ሰፊውን በሕይወቱ ያየ ሰው ከተማው ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ቢሆንም ብቅ ባለ ቁጥር ድምፅ ማጉያው «አሁን ሐዘንተኞች» ይላል፤ ለዚሁ የተቀጠሩ ሴቶችም ደረታቸውን ይመታሉ። የባለቅሉንም ስም የሚጠራው ድምፅ ማጉያው ነው።

ኖላዊት ካለፈው ዓመት ጀምሮ የጽሕፈት ቤቱ ባለቅል ናት። የምትራመደው ሳቂታዋን ሴትዮ ነው።

«ጥሩ ሥራ ነው» ይላሉ እማማ ሄርሜላ ለጠየቃቸው ሁሉ። ለራሳቸው ግን ያንን ቅል ባዩ ቁጥር ያፌት ነው ትዝ የሚላቸው። ያፌት ምድር ቤት የሚኖር ፀጉር አስተካካይ ነው። አባቱ ሲሞት፣ ለማንም ለማሳየት ሳይሆን እንዲያው ናፍቆት ሆኖበት፣ ቤቱን ዘግቶ በአባቱ አረማመድ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ በሩ አልከፈትም አለው። ወደራሱ እርምጃ ልመለስ ቢል፣ የራሱ የቱ እንደነበረ ጠፋው። እስከ ዛሬ የትም ሲሄድ ጎረቤት ይቀድምለታል፤ እሱ ከኋላ ተለጥፎ ይገባል።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ አንሶላ እያጣጠፉ ሳለ ኖላዊት «እምዬ፣ የእናቴን እርምጃ አስተምሪኝ» ስትላቸው፣ እማማ ሄርሜላ የያዙትን ጫፍ ለቀቁት።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተሽኛል።»

«አልሰማሁም። ደግሞ እንዳትደግሚው።»

«ሳቂታዋን ሴትዮ አላውቃትም። ማንም አያውቃትም። ስራመድላት እንኳ ያሳፍረኛል፣ የሰው ቀሚስ የለበስኩ ይመስለኛል። ዘንድሮ ልዕልናን ነው የምራመደው።»

«እናትሽን በስሟ አትጥሪያት!»

«ታዲያ ምን ልበላት? እማዬ ብዬ የጠራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።»

እማማ ሄርሜላ የለቀቁትን አንሶላ አነሡ። ልጃቸው ልዕልና የከተማው የውኃ ቧንቧ ሠራተኛ ነበረች፤ ቦይ ተደርምሶባት ስትሞት ኖላዊት ገና ዳዴ ትል ነበር። ፎቶዋ አለ። ድምፅዋም አለ። እርምጃዋ ግን የለም፤ መሬቱ የሟችን እርምጃ ሐዘኑ ሲያበቃ ይሰርዘዋል፣ ሌባ እንዳይጠቀምበት። የልዕልና አካሄድ ተሟልቶ የተረፈው እኚህ አሮጊት ራስ ውስጥ ብቻ ነው።

«ያፌትን አታይውም?» አሉ በመጨረሻ። «በር ላይ ቆሞ ‹ክፈቱልኝ› ሲል አትሰሚውም? አንቺንስ ማን ይከፍትልሻል? እኔ? እኔ ነገ የለሁም!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አለች ኖላዊት። «ነገ የለሽም።»

ወዲያው ደነገጠች። «ማለቴ እምዬ...»

«ያልሽውን ብለሻል። አንሶላውን ያዢ።»

ለብዙ ቀን አልተነጋገሩበትም። እማማ ሄርሜላ በልባቸው ግን ልዕልናን ያስኬዷት ነበር። ሳህን ሲያጥቡ ያስኬዷታል፤ መድኃኒት ወረፋ ላይ ቆመው ያስኬዷታል። ተረከዟን ከበድ አድርጋ መታ መታ ታደርጋለች፤ ሰው ልትጋፋ የተዘጋጀች ይመስል አንዱ ትከሻዋ ይቀድማል፤ ልትታጠፍ ስትል የረሳችው ነገር እንዳለ ሁሉ ግማሽ እርምጃ ታዘገያለች። አንድ ከሰዓት እንዲህ ሲያስኬዷት ቀጥ አሉ። የቱ ትከሻዋ ነበር የሚቀድመው? ቀኙ? ግራው? ሁለቱንም ሞከሩ። ሁለቱም እሷን መሰሉ። ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ጎረቤታቸው ጋሽ ናሆም ዘንድ ሄዱ። ጋሽ ናሆም የድሮ ከበሮ መቺ ነበሩ፤ አሁን ከበሮውን የሚመታው ድምፅ ማጉያው ስለሆነ ሥራቸው ቁጭ ብሎ ሰው መተረብ ነው።

«ናሆም፣ ልዕልና የቱ ትከሻዋ ነበር የሚቀድመው?»

«ቀኙ ነዋ! የመፍቻ ሻንጣዋን በግራ ተሸክማ ነው ያደገችው። ምነው፣ አንቺ የወለድሻትን እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

እማማ ሄርሜላ በረንዳው ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። ጋሽ ናሆም ቀልዳቸውን ዋጡት።

በማግስቱ ኖላዊት ከሥራ ስትመለስ የቤቱ ፍራሽ ሁሉ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አገኘች። የጋሽ ናሆምም ፍራሽ ሳይቀር ተጎትቶ መጥቷል።

«ጫማሽን አውልቂ» አሏት እማማ ሄርሜላ። «መሬቱ እንዳይሰማን ነው። ስሚኝ፤ ከፍራሽ ላይ ወርደሽ አንዲት እርምጃ የእናትሽን ብትራመጂ፣ ያን ቀን እንተወዋለን። ከፍራሹ ስትወርጂ ወደራስሽ። ማይልኝ።»

«እምላለሁ።»

«በማን?»

«በአንቺ።»

«በእኔ አትማይ፣ እኔ አርጅቻለሁ። እሺ፣ እዪኝ።»

እማማ ሄርሜላ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ፍራሹ ላይ ወጡ። ጉልበታቸው እንደልባቸው አልታዘዝ ብሎ፣ ፍራሹም እያሰመጣቸው፣ የልጃቸውን እርምጃ አሳዩ።

«ሄርሜላ» አሉ ጋሽ ናሆም ያመጡትን ጀሪካን ጭናቸው መሃል አድርገው፣ «እሷ ልዕልናን ልማር ስትል አንቺ ዳክዬ ታስተምሪያታለሽ?»

«አንተ ዝም ብለህ ጀሪካንህን ምታ!»

እንዲህ ሆኖ ክረምቱ አለፈ። ኖላዊት እግሯ ብልህ ነው፤ ተረከዙን ቶሎ ያዘች፣ ትከሻውን ያዘች። ያስቸገራት ያቺ ከመታጠፍ በፊት ያለችው መዘግየት ነበረች። «ምን እንደረሳች ካላወቅሁ እንዴት ልዘግይ?» ትላለች። «እሷም አታውቀውም ነበር» ይሏታል እማማ ሄርሜላ። አንድ ቀን ከጓዳ ሽንኩርት ከትፈው ብቅ ሲሉ ጀርባዋን አዩ። ፍራሹን ዳር እስከ ዳር ሄዳ ልትታጠፍ ነው። አፋቸው ቀደማቸው።

«ልዕልና፣ በዚያ ጭቃ እግርሽ ፍራሽ ላይ...»

ጋሽ ናሆም መምታቱን አቆሙ። ኖላዊት አልዞረችም። እማማ ሄርሜላ ቢላዋውን እንደያዙ ወደ ጓዳ ተመለሱ፤ የሚከተፍ ሽንኩርት ሁሉ አልቆ ነበርና ባዶውን ጣውላ ከተፉ።

የጭፈራው ዕለት አደባባዩ ጢም አለ። ልብስ ሰፊው መጣ፣ ሄደ። ዳኛው መጣ፣ ሄደ። ድምፅ ማጉያው «አሁን ሳቂታዋ ሴትዮ» አለ፤ ኖላዊትም ቅሉን አጥልቃ ብቅ አለች። ጥቂት እርምጃ እንደ ሴትዮዋ ወገቧን እያወዛወዘች ሄደች። ከዚያ ቆመች። ተረከዟ ወረደ።

መሬቱ «ያልታወቀ ሰው» አለ። ደገመና «ያልታወቀ ሰው» አለ። ከበሮው ከድምፅ ማጉያው ውስጥ ተቋረጠ። ጽሕፈት ቤቱ የመደባቸው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጋሽ ናሆም የተቀመጡበትን የፕላስቲክ ወንበር ገልብጠው ይመቱት ጀመር።

ኖላዊት ቀኝ ትከሻዋን አስቀድማ አደባባዩን ተሻገረች። ልትታጠፍ ስትል ዘገየች። ከተቀጠሩት አልቃሾች አንዷ፣ ገና «አሁን» ሳትባል፣ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ልዕልና! እናቴ፣ ውኃዬን የከፈትሽልኝ!»

«ልዕልና ናት! ልዕልና መጣች!»

«አሁንም ትጋፊያለሽ አንቺ? ዛሬም ወረፋ አትጠብቂም?» አለ አንድ ሽማግሌ፤ ሰዉ እያለቀሰ ሳቀ። እልልታው ከየት እንደተነሣ አልታወቀም። የማያውቋት ልጆች እንኳ የምታልፍበትን መንገድ ለቀቁላት። ትከሻዋን ስትሰብቅ፣ ያ በግራ የተሸከመችው የማይታይ ሻንጣ አብሮ ይዘል ነበር።

እማማ ሄርሜላ ከፊት ቆመዋል። የሚጠበቅባቸውን ያውቃሉ። አይተዋል። ግን እንዴት ይበቃል? ትንሽ፣ አሉ በልባቸው። አንድ ዙር ብቻ። ድምፅ ማጉያው «ኖላዊት፣ ይበቃል» አለ፤ ባለቅሏ አልሰማችም፤ አትሰማም። ሌላ ዙር ዞረች። የልጅቷ አንገት በላብ ተጠመቀ። ጭኗ ይንቀጠቀጣል። እሳቸው የልጃቸውንም እርምጃ ያያሉ፣ የልጅ ልጃቸውንም ጭን ያያሉ፤ አንዱን ካዩ ሌላው ይጠፋባቸዋል።

«ሄርሜላ!» ጮኹ ጋሽ ናሆም ወንበሩን መምታት ሳያቆሙ። «ልጅቷን ልትጨርሻት ነው? ጥሪያት እንጂ!»

አፋቸውን ሲከፍቱ የመጣላቸው ሌላ ስም ነበር። ጥርሳቸውን ነክሰው መለሱት።

«ኖላዊት!»

ባለቅሏ ባለችበት ቁጭ አለች። ቅሉ ሲወልቅ ከሥሩ ፊቷ ነጭ ሆኖ ወጣ። «የት ነበርሽ እምዬ?» አለች፤ «ስንት ጊዜ ጠበቅሁሽ።»

የፈሩት ደረሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ኖላዊት ወደራሷ ስትመለስ ሙሉውን አልተመለሰችም። ትከሻዋ ቦታው ገባ፤ ተረከዟና ያቺ መዘግየት ግን እንደ እናቷ ቀሩ። ደጃፉ «ያልታወቀ ሰው» ይላታል። እማማ ሄርሜላ ከፊቷ እየቀደሙ በር ያስከፍቱላት ጀመር። ለያፌት ይቀድሙ የነበሩ ጎረቤቶች ለእሷም ተራ ገቡ። አንድ ቀን ሁለቱ፣ ያፌትና ኖላዊት፣ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከፋች ሲጠብቁ እማማ ሄርሜላ አዩአቸውና ካሉበት ቆሙ። እኔ ነኝ፣ አሉ። ለአንድ ዙር ብዬ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ጽሕፈት ቤቱ ጠራቸው። የተቀበሏቸው ዳግማዊ የሚባሉ ወጣት ሹም ናቸው፤ ይቆጣሉ ብለው ሲፈሩ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው።

«እማማ ሄርሜላ፣ ሥራዬን ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም» አሉ። «አለቆቼም አይተውታል። ቅጣት አይኖርም። እንዲያውም እርምጃውን ልናስቀምጠው እንፈልጋለን።»

«ማስቀመጥ ምን ማለት ነው?»

«ከቅርሱ ሟቾች አንዷ ትሆናለች። አትሰረዝም። እርስዎ ባይኖሩ፣ እኔም ባልኖር፣ በየዓመቱ ትመጣለች። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማን እርምጃ እንደሆነ በቃልዎ ይንገሩኝ።»

እማማ ሄርሜላ ልባቸው ዘለለ። በየዓመቱ!

«ኖላዊትስ?»

«እሷን ማቃኛ ቤት እናስገባታለን። እግሯ ውስጥ የቀረውን ያወጡላታል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይወጣል። ከዚያ መሬቱ ያውቃታል።»

ኖላዊት ከጎናቸው ተቀምጣለች። አንገቷን እንደደፋች «እሺ በያቸው እምዬ» አለች። «እኔ እችለዋለሁ። አንቺ እንድታያት ነው።»

እማማ ሄርሜላ ወደ ሹሙ ዞሩ። «ልጄ፣ አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ?»

«ነኝ። ልብስ ሰፊው ቅድመ አያቴ ነው።»

«እውነት? ታዲያ በየዓመቱ ስታየው ምን ይልሃል?»

«ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ» አሉ ሹሙ። «አንካሳ እንደነበር አውቃለሁ። በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ፣ ምን ያህል እንደሚያነክስ አውቃለሁ። ሌላ ምንም አላውቅም። ሲሄድ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ከፍቶኝም አያውቅም። ይመጣል፤ ይሄዳል።»

መስኮቱ ሥር አንድ ሰው አለፈ፤ መሬቱ በስሙ ሰላም ሲለው ተሰማ። እማማ ሄርሜላ የልጅ ልጃቸውን እግር አዩ። አዲሱ ጫማ ተረከዙ ላይ ብቻ ተበልቷል፤ እንደዚያ ጫማ የሚበላ ሰው ቤታቸው ውስጥ ከኖረ ስንት ዘመኑ። ይህንን ነው የሚያወጡላት፣ አሉ በልባቸው። አውጥተው ከልብስ ሰፊው ጎን ያስቀምጡታል።

«የራሷ ነው» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«እርምጃው የራሷ ነው። የኖላዊት። ልጅ ያድጋል፣ አካሄድ ይለወጣል። ድሮ እንዲህ አልነበረችም፤ አሁን እንዲህ ናት።»

«እማማ ሄርሜላ፣ ሕዝቡ ‹ልዕልና› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ልዕልና ልጄ ነበረች። ሞታለች።» እጃቸውን የኖላዊት ጉልበት ላይ ጫኑ። «ይቺ ኖላዊት ናት።»

ኖላዊት ክንዳቸውን ያዘች። ሹሙ መዝገቡን ወደራሳቸው ሳቡ።

«በአሳዳጊ ቃል ከመዘገብኩት አይነሣም» አሉ ቀስ ብለው። «የሕያው ሰው እርምጃ ይሆናል። ከእንግዲህ ማንም ቅል አጥልቆ እንደ ሟች ሊራመደው አይችልም። እሷም ብትሆን። ይህ ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል።»

«ተመልሰው ቢለምኑኝም አልችልም።»

«ልጄ፣ ሳልፈራ መዝግበው። ፈርቼ ሐሳቤን ሳልለውጥ።»

ሲወጡ የጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ትንሽ አሰበ። «ኖላዊት፣ እንደምን ዋልሽ» አለ። ልጅቷ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አውጥታ አያቷን ሳመችና፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጣቸው በአስፋልቱ ወደ መቆሚያው ቀደመች። ተረከዟ መታ መታ ይላል። ከመታጠፊያው ስትደርስ ግማሽ እርምጃ ዘገየች።

«ነይ እንጂ እምዬ! ምነው ወደ ኋላ ቀረሽ? አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። ሂጂ፣ አንቺ ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ» አሉ እማማ ሄርሜላ። መድረስ ግን አልፈለጉም፤ ዝግ ብለው ከኋላዋ ሄዱ።